የሦስት ዓመት «ነገ»

እኔ ቁጭ ብሎ መሥራት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እግሬ ይወዛወዛል፣ ጣቴ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ወንበሬ ሲንቋቋ ይውላል። እናቴ በልጅነቴ «ይኸ ልጅ ሆዱ ውስጥ ጉንዳን ገብቶበታል» ትል ነበር፤ ጉንዳኑ እስካሁን መውጫውን አላገኘም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ቢሠራ ይሻለዋል ብትሉኝ፣ ወይ ደላላ ወይ የሚኒባስ ረዳት መሆን ነበረበት እላለሁ። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆንኩ። ኮምፒውተር ደግሞ ከሰው የሚፈልገው ዕውቀት አይደለም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

የምሠራው መካነ ሰላም፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው። ማዕረጌ በደብዳቤ ላይ ሲጻፍ አንድ መስመር ተኩል ይፈጃል። በተግባር ግን ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥ ከጉሮሮው የማወጣ፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ በፎቶ ሲሞላ የማራግፍ ሰው ነኝ። የምኮራበት አንድ ሥራ ቢኖር ለገበሬዎች አጭር የስልክ መልእክት መላክ ነው። ምርጥ ዘር ሲገባ፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ መንገድ ሲጠገን፣ እድርተኛ ሲሞት፣ በየቀበሌው በየኪሱ ውስጥ ስልኩን ጢው የምታሰኘው ይህች አርፋ የማትቀመጥ ጣቴ ናት።

የመልእክቱን ቃል የሚያወጡት ግን ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሙሄ ናቸው። አቶ ሙሄ ጡረታ የተቃረቡ፣ ደግ፣ ግን በፊደል ላይ እጅግ ቆጣቢ ሰው ናቸው። «ፊደል አታባክን» ይሉኛል፤ «ገበሬ ሥራ አለው። ነገ ከሆነ ነገ በለው፣ ቀንና ወር ምን ያደርግለታል?» እኔም እሺ ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ዘር ይታደላል፣ ነገ ስብሰባ አለ፣ ነገ ቀብር ነው እያልኩ መልእክት ስልክ ኖርኩ። አንድም መልእክት ላይ ቀን የለም። እዚህ ላይ ጣታችሁን አስቀምጡልኝ።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን በጎችን እያሳለና እያስቀመጠ የሚጨርስ በሽታ በአጎራባች ቀበሌዎች ገብቷል ተብሎ አገሩ ተሸብሯል። እኛ አገር በግ ማለት የልጅ ደብተር ነው፣ የዓመት በዓል ነው፣ የክፉ ቀን መውጫ ነው። አቶ ሙሄ ደጅ ጠንተው፣ ዶክተር ታደለ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ከአቀስታ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ ሐሙስ ጠዋት እንዲመጣ አስፈቀዱ። መድኃኒቱ በረዶው ከሟሟ አይረባም፤ ሐኪሙም ያለው አንድ ቀን ነው። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት የበግ ክትባት አለ። በጎቻችሁን ይዛችሁ መካነ ሰላም የከብት ገበያ ኑ።»

አልሄደም። አራት ሰዓት ሆነ፣ አልሄደም። ወደ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ አልሄደም። አቶ ሙሄ በበሩ ብቅ ብለው «ደረሰ?» አሉኝ።

«በመንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። ከቦታው ያልተነቃነቀ መልእክትን በመንገድ ላይ ነው ማለት የኮምፒውተር ባለሙያ ልዩ መብት ነው።

ወዲያው ሰብለ ጋ ደወልኩ። ሰብለ አዲስ አበባ ያለች፣ ይህን የመልእክት ሥርዓት የሠራች ልጅ ናት። በአካል አይቻት አላውቅም፤ ለእኔ ሰብለ ማለት ፈጣን ድምፅ ናት።

«አየሁት፣ ቆሟል» አለችኝ። «ስማኝ። መልእክቶቹ ሰርቨሩ ላይ እንደ መዝገብ ተራ በተራ ተጽፈው ይቀመጣሉ። ከተላኩ በኋላም አይጠፉም። አንባቢ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እሱ መዝገቡን እያነበበ ወደ ስልኮቹ ይልካል፣ እስከየት እንዳነበበም ዕልባት ያስቀምጣል። አሁን ዕልባቱ ተጣብቆበታል። አንድ ገጽ ወደፊት ብትገፋው ይሄዳል።»

«በምን ልግፋው?»

«በትእዛዝ መስመር መሣሪያ። እኔ ከተማ ውስጥ አይደለሁም፣ ላፕቶፕ አልያዝኩም። አንተ ጫነው። አምስት ደቂቃ ነው።»

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ «አምስት ደቂቃ ነው» ተብዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ የተመለስኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ላፕቶፑን ስከፍት መብራት ሄደ። ላፕቶፑን ታቅፌ መንገድ ተሻግሬ ሀዋ ሱቅ ገባሁ። ሀዋ ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ ካቻምና የተመለሰች፣ ሽቶና ሻርፕ፣ ጫማና የስልክ ቀፎ የምትሸጥ ሴት ናት። ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ መብራት፣ መደርደሪያዋ ላይ የራሷ ኢንተርኔት አለ። ለእኔ ሀዋ ሱቅ ማለት ሁለተኛው ቢሮዬ ነው፤ ለእሷ እኔ ምን እንደሆንኩ አልጠየቅኋትም።

«ሀዋ፣ አምስት ደቂቃ» አልኳት።

«ግባ። ብቻ አትንጎራደድ» አለችኝ።

መሣሪያውን ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። አሥር በመቶ፣ አርባ በመቶ፣ ዘጠና ሰባት በመቶ። ዘጠና ሰባት ላይ ቆመ። ተነሣሁ። በሽቶውና በጫማው መካከል ስመላለስ በክርኔ አንድ ረድፍ ሻርፕ አወረድኩ። ሳነሣ በጀርባዬ ጫማ ጣልኩ።

«ያ ረቢ! ተቀመጥ አንተ ሰው!» አለች ሀዋ። «አንተ ስትንጎራደድ ነው እንዴ የሚወርደው?»

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ወረደ። ቀጥሎ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። የማታውቁት ካላችሁ፣ ጥቁር መስኮት ማለት ሥዕል የሌለው፣ የሚጫን ነገር የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የምታዙት ገጽ ነው። አንድ ፊደል ብትሳሳቱ እንደ ድሮ መምህር በንቀት ያያችኋል። ጫን ብዬ ጻፍኩለት። በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ ትርጉሙ ፈቃድ የለህም ነው።

በገዛ ላፕቶፔ! የቀበሌ መታወቂያዬን አውጥቼ ላሳየው ምንም አልቀረኝ። ሀዋ ሱቅ ውስጥ የስልክ ድምፅ ስለሚቆራረጥ ከበሩ ፊት ወዳለው ደረጃ ወጥቼ ለሰብለ ደወልኩ።

«ከትእዛዙ በፊት አንዲት ቃል ጨምር» ብላ ነገረችኝ። «‹አዛዡ እኔ ነኝ› እንደማለት ናት።»

ጨመርኩ። እሱም አዛዥ ከሆንክ የይለፍ ቃልህን ንገረኝ አለኝ። ስጽፍ ግን ምንም አይታይም፤ ኮከብም ነጥብም የለም። ኪቦርዱ ሞተ ብዬ ደጋግሜ ጻፍኩት፣ ደበደብኩት፣ እፍ አልኩበት፣ ገልብጬ አራገፍኩት። ከውስጡ የዳቦ ፍርፋሪ ወጣ። ድጋሚ ደረጃው ላይ ወጣሁ።

«እንዳይታይ ሆኖ ነው የተሠራው» አለች ሰብለ፤ «ሰው እንዳያይብህ።»

«ኧረ እኔም እንዳላይ!»

ለማሳጠር፣ ተጫነ። መጫኑንም በደስታ ነገረኝ። ስሙን ጠርቼ ና ሥራ ብለው፣ እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አልተገኘም አለኝ። አሁን፣ አሁን በገዛ አፉ ገብቻለሁ ያለው! አበዳሪ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ሆኖ «የለም በሉት» የሚል ሰው ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። ሰብለ፣ መሣሪያው የተቀመጠበትን ቤት አድራሻ ለኮምፒውተሩ መንገር አለብህ አለችኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ደግሞ በትእዛዙ ውስጥ የሚጻፍ ሰረዝ መጣ።

«ሁለት ሰረዝ ነው፣ አንድ አይደለም» አለችኝ።

«ምን ልዩነት አለው?»

«ለእኔና ለአንተ የለውም። ለእሱ አለው።»

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጥቁሩ መስኮት ታዘዘልኝ። መዝገቡ ታየኝ፤ ከላይ ስሙ፣ ከሥሩ ዕልባቱ፣ ከጎኑ «የሚጠብቅ፦ አንድ»። ያቺ አንዷ የእኔ የበግ ክትባት ናት። ላፕቶፑን በአንድ ክንዴ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆምኩ።

«ጎበዝ!» አለች ሰብለ። «አሁን ትእዛዟን በስልክህ ልኬልሃለሁ፣ መጨረሻዋ ላይ ዕልባቱ የት እንዲቀመጥ ትጽፋለህ። አደራ፣ ከመጀመሪያው ጀምር—»

ተቋረጠ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን ትንሽ እንድናገር ፍቀዱልኝ። አማርኛ ፍሬ ነገሩን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ልጄን ለአንተ» ብሎ አባት ከጀመረ፣ ሰጥቼሃለሁም ሊል ይችላል፣ አልሰጥህምም። የሰለጠነ ሰው ሽማግሌ ተናግሮ እስኪጨርስ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። እኔ ግን ሆዴ ጉንዳን ነው። ከመጀመሪያው ጀምር ተብያለሁ፤ አደራም ተብያለሁ። ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ በአክብሮት «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ነበር። አዎን አልኩት።

የሚጠብቀው ቁጥር ከአንድ ተነሥቶ ሽቅብ ተወነጨፈ። ወዲያው ደግሞ መቀነስ ጀመረ። «ሄደ!» ብዬ ጮህኩ። «ሀዋ፣ ሄደልኝ!»

የሀዋ ስልክ ጢው አለ። «ማሻ አላህ» ብላ አነበበች፤ «ነገ የድንች ዘር በዩኒየኑ መጋዘን ይታደላል። ጆንያ ይዛችሁ ኑ።» ቀና አለች። «ዘር አለ እንዴ በዚህ ወር?»

ሳልመልስላት ድጋሚ ጢው። «ነገ የመንገድ ጥገና አለ። አካፋና ዶማ ይዛችሁ ውጡ።» ጢው። «ነገ ጠቅላላ ጉባኤ።» በመንገዱ ማዶ ባጃጁን ያቆመው ሾፌር ኪሱን ዳበሰ። ከኋላው የተቀመጡት ሴት ኪሳቸውን ዳበሱ። አህያ የሚነዱ ሁለት ሰዎች ቆሙ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ተያዩ። መንገዱ በሙሉ እንደ ጫጩት ቤት ጢው ጢው አለ።

ገባኝ። ሦስት ዓመት የላክነው መልእክት በሙሉ፣ ተራውን ሳይስት፣ እንደገና እየሄደ ነው። ሁሉም ደግሞ ነገ ይላል።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ጢው። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። ጢው። ላኪው ያለው አዲስ አበባ ሰርቨሩ ላይ ነው፤ እኔ ያዘዝኩ እንጂ የምልከው እኔ አይደለሁም። ሰብለ ጋ ብደውል ስልኳ አልጠራም። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ወጣሁ።

ያኔ ከሱቁ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከቁርኣኑ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ የተሰካች አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ነበረች። ሀዋ አንሥታ አየች። የአባቷ የአያ ሰይድ ስልክ ናት፤ እሳቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ሀዋ ያኔ ጅዳ ነበረች። እንዳትደነግጥ ተብሎ መርዶው ተደብቆባት፣ መሞታቸውን የሰማችው አገሯ ገብታ፣ ቤታቸው ደጃፍ ስትደርስ ነው። ቁጥሩ እንዳይዘጋ ብላ ስልኩን ቻርጅ እያደረገች ታኖረዋለች።

ቀስ ብላ አነበበች። «አያ ሰይድ ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብራቸው ነገ አራት ሰዓት ነው። የእድሩ አባላት እንድትገኙ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ መወዛወዙን አቆመ።

«ሀዋ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አልኩ። «አውፍ በይኝ። ዕልባቱን...»

«ይህን ያኔ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«ቃሉ የአቶ ሙሄ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ መልእክቱን እንደገና አነበበች። «ሁሉም ሰው ስለ ቀብሩ አወራልኝ፤ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ማን እንዳለቀሰ። እንዲህ ሆኖ እንደተጠራ ግን ማንም አላሳየኝም» አለች። ቀጥላም «አብሽር። ሂድ ሥራህን ሥራ። የበጎቹስ?» አለችኝ።

የበጎቹ! የክትባቱ መልእክት በመዝገቡ የመጨረሻው ነው። የአያ ሰይድን ስልክ አየሁት፤ ሳጥኑ ሞልቷል፣ ቦታ የለም ይላል። ገበሬው የሚይዘው እንዲህ ያለውን ስልክ ነው። አሮጌው ነገ ስልኩን ሞልቶት፣ እውነተኛው ነገ በር ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሰብለ ስልኳ የሠራው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

«ከመጀመሪያው ጀምር እንዳትለው ነበር እኮ ያልኩህ።»

«‹እንዳትለው› አልደረሰኝም።»

«መስመሩም ተዘጋብን» አለች። «በአንድ ጊዜ ብዙ ስለተላከ እስከ ነገ ምንም አያሳልፍም።»

ወደ አቶ ሙሄ ሄድኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልካቸውን እየገለጡ ነበር። «ነገ ስንት ቦታ ነው የምገኘው?» አሉኝ ሳያዩኝ። «ሦስት ቀብር አለብኝ። አንዱን እኔው ራሴ ቀብሬዋለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውርደው «ቀን እንጻፍበት ብለኸኝ ነበር፣ አይደል?» አሉ። ብዬ አላውቅም፤ ግን ጊዜው የመከራከሪያ አልነበረም። «ባጃጅ ያዝና በየቀበሌው ውጣ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላውን በባጃጅ አሳለፍኩት። ድምፄ እስኪዘጋ «ነገ የበግ ክትባት!» አልኩ። አንድ ሽማግሌ ከአውድማቸው ላይ መንሻቸውን ተደግፈው ጠበቁኝና ስልካቸውን አሳዩኝ።

«የትኛው ነገ ነው፣ ልጄ?»

«የነገው ነገ፣ አባባ!»

«ይኸ ሁሉ ነገ ተብሏል። ዘሩን ልውሰድ፣ መንገዱን ልቆፍር፣ ወይስ ሰው ልቅበር?»

«በግ ያምጡ!»

«ስልኩ በግ አላለም» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እውነታቸውን ነው። ስልካቸው ሞልቷል። መንገዱ ደግሞ የባጃጅ አልነበረም፤ ሁለት ቀበሌ ሳልጨርስ ጎማው ፈነዳና በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከብት ገበያው ሜዳ ላይ ነበርኩ። ዶክተር ታደለ ደርሷል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። የበረዶ ሣጥኖቹ በመኪናው ጥላ ተደርድረዋል። በግ የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ በግ የለም። ከዚያ ከተማው በኩል ጫጫታ ተሰማ፣ አቶ ሙሄም ደወሉ፤ «ቶሎ ና! ሐኪሙንም ይዘህ ና!»

የዩኒየኑ ግቢ ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሷል። ጆንያና አህያ የያዘ አለ፤ ድንች ሊወስድ ነው። አካፋና ዶማ የተሸከመ አለ። ጋቢውን አጣፍቶ በሐዘን የቆመ አለ፤ ማን እንደሞተ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። አንዷ ሴት ዶሮ ታቅፈው መጥተዋል፤ የዶሮ እርባታ ሥልጠና ነው የተባሉት። እድርተኞቹ ደግሞ ሀዋ ደጃፍ ተሰልፈዋል። አንዱን ሽማግሌ «አያ ሰይድ እኮ ድሮ ነው የሞቱት» ብላቸው፣ «እናውቃለን፣ እኛው ነን የቀበርናቸው» አሉኝ። «ግን ስልኩ ድጋሚ ከጠራን ሰበብ ይኖረዋል ብለን ነው። ልጅቷም ያኔ አልነበረችም።» ሀዋ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ፣ እቃውን ገፋ ገፋ አድርጋ አስገባቻቸው። ሲቀመጡና ዱዓ ሲጀምሩ ሰማሁ። እሷ ከሽቶው መደርደሪያ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከሰው ጋር አለቀሰች።

አቶ ሙሄ ወንበር ላይ ቆመው ሕዝቡን ሲያዩ ዓይናቸው ሲያበራ አየሁ። «አየህ?» አሉኝ ጎንበስ ብለው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቼ ምልዓተ ጉባኤ አጥቻለሁ። ዛሬ ሞላ! ልክፈተው?»

«አቶ ሙሄ! በረዶው!»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ እያዘኑ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ለሕዝቡ ተናገሩ። ድንች እንደሌለ፣ መንገዱ እንደማይጠገን፣ የሞተ እንደሌለ። በእያንዳንዱ ቃል ቁጣው እየጨመረ መጣ። በመጨረሻም «ይልቅ ክትባት መጥቷልና በጎቻችሁን አምጡ» ሲሉ ግቢው በአንድ ድምፅ ተንጫጫ። ሁለት ሰዓት ተጉዘን መጥተን! አሁን ለበግ ተመለሱ ነው የምትሉን? ዶክተር ታደለ ሰዓቱን አየ። እኔ በሰው መካከል ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ስመላለስ የአንዱን አካፋ ረግጬ እጀታው ግንባሬን አጮለኝ።

ያን ጊዜ ዶሮ የታቀፉት ሴት ወደ ፊት ወጡ። እማማ ጦይባ ይባላሉ፤ ከለጋምቦ በኩል ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው የመጡ ናቸው።

«ሁላችሁም ስልክ ይዛችኋል» አሉ። «እቤታችሁ ሰው የለም? ደውሉና ‹በጎቹን ንዷቸው› በሉ። ሄዳችሁ ከምታመጡ እነሱ ይምጡ። ደግሞ መልእክት አትላኩ፤ በድምፅ ደውሉ። ዛሬ ጽሑፍ የሚያምን የለም።»

ከዚያ ግቢው በሙሉ ስልኩን ወደ ጆሮው ሰደደ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «የቱን በግ? ሁሉንም!» «አዎ፣ ዛሬ! ነገ አይደለም፣ ዛሬ!» «ጥቁሯ እምቢ ካለች ተሸከማት!» አካፋ የያዙት ደግሞ ጠብቀው ከሚቆሙ ብለው፣ ወደ ገበያው የሚያስገባውን በጎርፍ የተቦረቦረ መንገድ ደፍነውት ቆዩ።

አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መንጋ በኮረብታው ጫፍ ብቅ አለ። ከዚያ አቧራው አላቆመም። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ በግ ስይዝ፣ ስገለበጥ፣ ስረገጥ ዋልኩ። ለጉንዳናም ሰው ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ሁሉም አልመጣም፤ የሩቆቹ ቀበሌዎች ቀርተዋል። ዶክተር ታደለ የተረፈውን ሣጥን ቆጥሮ፣ ቀኑን ሙሉ ከተናገረው የሚበልጥ ንግግር አደረገ፤ «በረዶ ጨምሩበት። ነገ ጠዋት እኔው ወደነሱ እሄዳለሁ።» አቶ ሙሄ በሣጥኑ ላይ ቀኑን ከነወሩ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ በትልቁ ጻፉበት።

እማማ ጦይባ ሦስት በጎቻቸውን አስከትበው ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ።

«ያ መልእክት የሚልከው ሰውዬ አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ፣ ያለ ነገሩ አደከምኩዎ።»

«እሱስ ግድ የለም። የልጅ ልጄ ፊደል ካስቆጠረችኝ ወዲህ የሚመጣልኝን ሁሉ አነባለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሳችሁ ትሉኛላችሁ። እኔም ለቅሜ ለቅሜ እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ እላለሁ። ለምንድን ነው ዝም የምትሉኝ?»

ሰው ይመልሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ በዚያ መሣሪያ ሰርቨሩ ላይ ያሉትን መዝገቦች ሁሉ እንዲዘረዝርልኝ አዘዝኩት። ሁለት ናቸው። አንዱ የምንልክበት ነው። ሌላው ስሙ «ገቢ» ይላል። የተጻፈበት ብዙ ነው፣ አንባቢ ግን የለውም። ሰብለን ብጠይቃት «እሱ ከስልኮቹ የሚመለስ ነው። አንባቢ አልመደብንለትም» አለችኝ። ከፈትኩት። እኛ ስንናገር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመለስልን ኖሯል። «እሺ እንመጣለን።» «ዘሩ አልደረሰንም።» «ማን ልበል?» «አላህ ይስጣችሁ።» «ቀብሩ የየትኛው ሰይድ ነው?» «ሰላም ነን።» «ሰላም ነን።» «ሰላም ነን፣ እናንተስ?»

አቶ ሙሄ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ለእማማ ጦይባ የሚገባውን አብረን ጽፈን ላክን፤ ፊደል አልቆጠቡም። ከዚያ ቁጥር ብቻ ካለው ስም የለሽ ሰው የመጣች አንዲት መስመር ላይ ቆሙ። «በጌ ሳል ይዟታል፣ ምን ላርግ?» ይላል። የተላከው ካቻምና ነው።

«ይኸንን ዝም ማለት ነውር ነው» አሉኝ። «ጻፍለት።»

እኔም ይቅርታ ጠይቄ፣ ዘግይተን ማየታችንን ገልጬ፣ በጓ እንዴት ሆነች ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ልሄድ ስል አቶ ሙሄ እጄን ያዙ። «ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጠበቅን።

መልሱ መጣ።

«እሷን ያኔውኑ አርደን በላናት። እናንተ ግን ደህና ናችሁ? ምነው ጠፋችሁ?»